የአርባ ቁልቁለት ደንብ

«ልጅቱ አይደለችም እኮ የምትነዳው፤ ልብሷ ነው የሚነዳት» አሉ ጋሽ መርሻ።

በዚያ ሳምንት ብቻ ውዳላት ይህን ከአፋቸው ስትሰማ ስድስተኛዋ ነበር። ለሻይ ቤቷ ባለቤት ነግረዋል፤ ለፖስታ ድሮኑ ነግረዋል፤ አንድ ጠዋትማ መንገድ የሚጠርገውን ማሽን አስቁመው ሲያጫውቱት በዓይኗ አይታለች። ማሽኑም «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» ብሏቸው ሄደ።

«ማን ነገረዎት?» አለቻቸው ውዳላት፣ የጀመረችውን ስፌት ሳትተው።

«ማን ይነግረኛል፤ ሰዓቱ ነዋ። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከባሕር ዳር ሜዳ የመጣች፣ ቁልቁለት በሥዕል እንጂ በእግሯ የማታውቅ፣ በሁለት ወር ውስጥ አንቺን ልታህል? ልብሱ ነው እንጂ።»

ውዳላት ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ወሬው ውሸት ቢሆን ምን ያህል እንደምታዝን ለማንም፣ ለራሷም ጭምር፣ ልትነግር አልፈለገችም።

ጋሽ መርሻ የሊማሊሞ ቁልቁለት ውድድር ሰዓት ያዥ ናቸው። የሚውሉት ከታች፣ ዛሪማ መግቢያ ላይ ካለችው ጎጆ ነው። ጭነቱ ሁሉ በተራራው ሆድ በሚያልፈው ቱቦ መጓዝ ከጀመረ ወዲህ አሮጌው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የቀሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎችና በስኬትቦርድ የሚወርዱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዝንጀሮዎቹ ቀድመው ስለተገኙ ቅድሚያ አላቸው፤ ይህም በውድድሩ ደንብ አንቀጽ ሦስት ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈችው ውዳላት ናት። ደባርቅ ላይ፣ ድሮ የጭነት መኪና ጎማ ይጠገንበት በነበረ ቤት ውስጥ፣ ከተጣሉ መኪናዎች የአየር ከረጢት እየፈታች፣ የማይገባትን መመሪያ እስኪገባት ድረስ እያነበበች የነጂ ልብስ መስፋት ተማረች። ፊት ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት ግዴታ ነው ያለችው እሷ ናት። መዳፉ ላይ ጠንካራ ሳህን ያለው ጓንት፣ በየእጥፋቱ ጭድ የሞላ ጆንያ፣ በሁለት ነጂ መካከል የሦስት ደቂቃ ርቀት፣ ሁሉም የእሷ ነው። ክብረ ወሰኑም የእሷ ነው፦ አሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ሰባት ዓመት ማንም አልነካውም።

ከአንቀጾቹ ሁሉ የምትኮራው በሰባተኛው ነበር፦ «ደራሽ ባለቤቱን አርባ ቁልቁለት ሳያውቅ ውድድር አይገባም።»

ደራሽ የሚሉት የነጂውን ልብስ ነው። ሰው መውደቁን ራሱ ከማወቁ በፊት ልብሱ ያውቅለትና አንገቱን፣ ጎኑንና ዳሌውን በአየር ከረጢት ያቅፈዋል። ይህን ለማድረግ ግን የባለቤቱን ገላ መማር አለበት፤ የቱ ማዘንበል ልማዱ እንደሆነ፣ የቱ ማዘንበል የመውደቅ መጀመሪያ እንደሆነ። ጀማሪ ደራሽ በሁሉ ነገር ይደነግጣል። የውዳላት የመጀመሪያ ደራሽ፣ ውድድሩ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ አሥረኛው እጥፋት ላይ ስታስነጥስ ወደቀች ብሎ ተነፋና ቦይ ውስጥ ጣላት። የግራ እጅ አንጓዋ እስከ ዛሬ ቀጥ አይልም። አንቀጹን በቀኝ እጇ ስትጽፍ ግራው ጀሶ ውስጥ ነበር።

ዝማሬ የሚሏት ልጅ ክረምቱ ሲወጣ መጣች፤ ልብሷን ራሷ ሰፍታ፣ ቦርዷን ራሷ ገጣጥማ። ማን አስተማረሽ ሲሏት «ማንም» አለች። ውዳላትን ከሰዓቱ ይልቅ ያቃጠላት ይህ መልስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ አገር ማንም ሳያስተምራት ራሷን የሠራች ሴት አንዲት ብቻ ናት ብላ ታምን ነበር፤ አድራሻዋንም በደንብ ታውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውዳላት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ የምታየው የልጅቱን ሰዓት ሆነ። ግድግዳዋ ላይ ባለው ሰሌዳ በቀጥታ ከዛሪማ ይመጣል። አሥራ አራት ከአርባ። አሥራ አራት ከሠላሳ አንድ። ቁጥሩ ሲቀንስ ቁርሷ አልወርድ ይላታል፤ ሲጨምር ሻይዋን ትደግማለች። ሰው ፊት ግን የልጅቱን ስም አንሥታ አታውቅም። እንዴት እንደምትለማመድ፣ ማን እንደሚያያት፣ ምን እንደሚከብዳት አንድም ቀን አልጠየቀችም። መጠየቅ ማለት ግድ ይለኛል ማለት ነው። የራሷንም ልምምድ የምታደርገው ሰዓቱን አጥፍታ ነው፤ ሻምፒዮን ጉዱን ቀድሞ አያወጣም ትላለች።

ለውድድሩ አምስት ቀን ሲቀር ሰሌዳው ላይ አሥራ አራት ከአሥራ ስምንት ወጣ።

የልምምድ ሰዓት ክብረ ወሰን አይሆንም፤ ይህም በደንቡ አለ። ቢሆንም ውዳላት ያን ጠዋት ሦስት ጊዜ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

ከሰዓት በኋላ ዝማሬ ልብሷን ታቅፋ ጎማ ቤቱ ድረስ መጣች። በቤት የተሰፋ ደራሽ በውዳላት እጅ ሳይፈተሽ አይወዳደርም።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ውዳላት?»

«እትዬ?» ውዳላት ቀና አለች። «ስንት ዓመቴ መሰለሽ?»

«ኧረ ለክብር ብዬ ነው።»

«ክብሩን ስፌትሽ ላይ ብታደርጊው ይሻል ነበር። ይህ ምንድን ነው፣ ስፌት ነው ጠባሳ?»

ዝማሬ ሳቀች። «ጠባሳ ይመስላል፣ አይደል? በዓሣ መረብ ክር ነው የሰፋሁት። አባቴ ጣና ላይ አሥጋሪ ነው።»

ውዳላት ክሩን በሁለት እጇ ወጥራ ሳበችው። አልተበጠሰም። የእሷ ክር በዚህ ጉልበት ይበጠስ ነበር። ከየት እንደሚገዛ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ፍተሻው አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ልብሱን ለብሶ ትዝታውን መክፈት። ደራሽ የባለቤቱን ገላ ያስታውሳል፤ የልቡን ምት፣ የጡንቻውን መወጠር፣ የእስትንፋሱን ማጠር። ለፈታሹ ሥዕል አይታየውም፣ ድምፅ አይሰማውም፤ የሌላ ሰው ገላ ብቻ መጥቶ በራሱ ገላ ላይ ያርፋል። ልብሱ የሚያስቀምጠው ገላ የተናወጠበትን ነው። ጸጥ ያለበትን ጊዜ፣ ምንም የሚማርበት ስለሌለ፣ ዘሎት ያልፋል። ልብሱ ነጂውን የሚገፋ ወይም የሚያዘነብል ነገር ተደብቆበት ከሆነ ፈታሹ ያውቀዋል፤ ገላው ሳያዝዝ እግሩ ይሄዳልና።

ውዳላት ለበሰችው። ጠበባት፤ ይህም ራሱን የቻለ ስድብ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነችና ያን የአሥራ አራት ከአሥራ ስምንቱን ጠዋት ከፈተችው።

የመጀመሪያውን ቁልቁል ጠበቀች። ሰዓት ከሚቆጥሩት በሮች ከአንደኛው ጀምሮ መንገዱ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይወርዳል፤ ከጎኑ ገደል ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ወርዳበታለች፤ ዘጠኝ ዓመት ልቧ እዚያ ቦታ ላይ ወደ ጉልበቷ ወርዶ ይመለሳል። ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም።

ከልጅቱ ገላ ግን ምንም አልመጣም። ልብ አልወደቀም፤ እስትንፋስ አላጠረም። ትዝታው ቁልቁሉን በሙሉ ዘሎት በቀጥታ የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ጀመረ። ይህች ልጅ ያን ግድግዳ በጸጥታ ወርዳዋለች ማለት ነው፤ ሰው ደረጃ እንደሚወርድ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የታወቀ ነበር። ጭን ሲቃጠል፣ መዳፍ አስፋልቱን ሲዳስስ፣ ሃያ ሦስተኛው እጥፋት ላይ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ ሲመጡ። እግሯ አንድም ጊዜ ሳይታዘዝ አልሄደም። ልብሱ ንጹሕ ነበር። ልጅቱ ራሷ ናት የምትነዳው።

ውዳላት ዓይኗን ከፍታ ልብሱን አወለቀች። በሰዓቱ ብትበልጣት ትችለው ይሆናል። ያን ጸጥታ ግን መቻል አልሆነላትም። እሷ ዘጠኝ ዓመት ለምና ያላገኘችውን ይህች ትናንት የመጣች ልጅ ከእናቷ ሆድ ይዛው ወጥታለች።

«ምን አገኙ?» አለች ዝማሬ።

«አስቀያሚ ስፌት።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» ልጅቱ የጓንቷን ጫፍ እያጠፈችና እየዘረጋች ትንሽ ቆመች። «እትዬ፣ ካልተቸገሩ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እርስዎ የላይኛውን ቁልቁል እንዴት ነው የሚወርዱት?»

ውዳላት አተኩራ አየቻት። ልታሾፍባት ነው፤ ሌላ ትርጉም አልታያትም።

«እንደ ማንም ሰው» አለች። «ከላይ ወደ ታች።»

ዝማሬ ፊቷ ቀላ። «እሺ» ብላ ወጣች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ውዳላት፣ ጋሽ መርሻና የደባርቅ ክሊኒኳ ነርስ ሲስተር ትርንጎ። በማግስቱ ጠዋት ጎማ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«እህ፣ ልብሱ ነው የሚነዳት አላልኩም?» አሉ ጋሽ መርሻ ገና ሳይቀመጡ።

ውዳላት «አይደለም» የምትለውን አንዲት ቃል አዘጋጅታ ነበር። ምላሷ ላይ አቆየቻትና ዋጠቻት።

«ንጹሕ ነው ብሎ መፈረም ይከብዳል» አለች። «ትዝታው የተለመደ ዓይነት አይደለም።»

ይህ በደረቁ ሲታይ ውሸት አልነበረም። ውሸት እንዳይሆን ተጠንቅቃ ነበር የቀደደችው።

«ስለዚህ» ብላ ቀጠለች፣ «ከዘንድሮ ጀምሮ በቤት የተሰፋ ደራሽ ይቅር። ሁሉም ከመጋዘናችን፣ እኔ ከሰፋኋቸው ይልበስ። የደኅንነት ጉዳይ ነው።»

ሲስተር ትርንጎ መነጽሯን አወለቀች። «በቤት የተሰፋ ያላት እሷ ብቻ ናት። አራት ቀን ቀርቶናል፤ በአዲስ ልብስ አርባ ቁልቁለት ከየት ታመጣለች? አንቀጽ ሰባት ያስቀራታል እኮ።»

ውዳላት ይህን አስባበት ነበር። ልጅቱን ጨርሳ ብታስቀራት ደባርቅ ሁሉ «ፈራቻት» ይላል።

«አንቀጽ ሰባትን ለዘንድሮ እናንሣላት» አለች። «እንዳትቀርብን።»

«ደግነት ማለት እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ መርሻ።

«ውዳላቴ» አለች ሲስተር ትርንጎ ዝግ ብላ፣ «ያን አንቀጽ ስትጽፊ ጀሶውን ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ።»

«የተሰበረው የእኔ እጅ ነው፤ አንቀጹም የእኔ ነው።»

ጋሽ መርሻ እጃቸውን አወጡ። ሲስተር ትርንጎ መነጽሯን መልሳ አደረገችና እሷም አወጣች።

ውዳላት ለራሷ የነገረችው ቀላል ነበር። አዲሱ ልብስ ልጅቱን ትንሽ ይከብዳታል። ሁለት ሦስት እጥፋት ላይ ትጠነቀቃለች፤ ሃያ ሰከንድ ትጥላለች፤ አለቀ። ማንም አይጎዳም፤ ክብረ ወሰኑም ቦታው ላይ ይቆያል።

ከሰዓት ዝማሬ አዲሱን ልብስ ልትወስድ መጣች። በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ሊያስቀሩሽ ነው ብለውኝ ነበር» አለች። «እርስዎ ግን አንቀጽ ድረስ አነሡልኝ። አልረሳውም፣ እትዬ።»

«ተለማመጂበት» አለች ውዳላት፣ ቀና ሳትል።

በቀሩት ቀናት ዝማሬ ዘጠኝ ጊዜ ወረደች።

የውድድሩ ዕለት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ገና አልወጣም ነበር። ጭላዳዎቹ በአንቀጽ ሦስት መሠረት መንገዱን እስኪለቁ ሃያ ደቂቃ ተጠበቀ። ነጂዎቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ዝማሬ ስምንተኛ፣ ውዳላት የመጨረሻዋ።

ዝማሬ አንደኛው በር ላይ ስትቆም የሄልሜቷ ማሰሪያ እምቢ አላት። እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ውዳላት ከአምስት እርምጃ ርቀት አየቻት። ብርዱ ነው ብላ አሰበች፤ ወይም ለሰው ዓይን ነው። ያ ጸጥ ያለ ገላ እንዲህ እንደማይንቀጠቀጥ እሷ ለብሳው አይታለች። ሄዳ ማሰሪያውን አላሰረችላትም፤ ሌላ ልጅ አሰረላት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ዝማሬ ትንሽ ዘገየችና ወረደች።

ቁልቁሉን እስከ ታች ያዘችው። ሁለተኛውን በር እንደ ጥይት አልፋ የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ስትደርስ በዚያ ፍጥነት የሚያዋጣውን ብቸኛ ነገር አደረገች፤ ጎኗ አስፋልቱን ሊነካ እስኪደርስ አዘነበለች። ውዳላት ከላይ ሆና ስታይ እንዲህ ያለ ማዘንበል በሕይወቷ አላየችም ነበር። ትክክል ነው፣ ያዘችው፣ ብላ አፏ ውስጥ ሳታስበው ተናገረች።

ያን ጊዜ ልብሱ ተነፋ።

ቢጫዎቹ ከረጢቶች በአንድ ላይ ፈነዱ። ዝማሬ አልወደቀችም ነበር፤ ከረጢቱ ነው ከቦርዷ ያነሣት። የወገቡ ቀድሞ ስለተከፈተ ግራ እግሯ ከሥሩ ተጠመዘዘ። ጆንያዎቹን ጥሳ የድንጋይ ግንቡ ሥር ተጋድማ ቀረች። ቦርዷ ብቻውን ሦስት እጥፋት ወረደ።

የሐኪም ድሮኑ በሁለት ደቂቃ ደረሰ፤ ሲስተር ትርንጎም አብራው። መንገዱ ሲጸዳ ውድድሩ ቀጠለ። በደንቡ እንዲህ ነው የተጻፈው፤ የጻፈውም ይታወቃል። ውዳላት በተራዋ ወረደች። አሥራ አራት ከሃምሳ ሦስት። አንደኛ ወጣች፤ ክብረ ወሰኑም ሳይነካ ቀረ። ጋሽ መርሻ አንገቷ ላይ አበባ ሲያጠልቁላት አበባው አሳከካት።

በማግስቱ የተቀደደውን ልብስ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ የመጨረሻውን ቅጽበት አነበበች። ልብሱ የጻፈው ሁለት መስመር ነበር፦ «የመውደቅ ግምት፣ ዘጠና አራት ከመቶ። የነጂዋ ሚዛን፣ ያልተናጋ።» ልጅቱ እጥፋቱን ይዛው ነበር። ልብሱ ግን የሚያውቃት ከዘጠኝ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ እንዲህ ማዘንበል እንደምትችል ማንም አልነገረውም።

ወረቀቱን አትማ ክሊኒኩ ለመሄድ አራት ቀን ፈጀባት።

«ትሄዳለች» አለቻት ሲስተር ትርንጎ በር ላይ። «በምርኩዝ ትጀምርና በእግሯ ትሄዳለች። ቦርድ ላይ ግን አትወጣም። ነግሬያታለሁ።» ከዚያም መንገዱን ሳትለቅላት ትንሽ ቆመች። «እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ ውዳላቴ። ብቻሽን አይደለሽም።»

ዝማሬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዳሌዋ በብረት ክፈፍ ተይዟል። ውዳላትን ስታይ ለመነሣት ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ተዪው» አለቻት ውዳላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን አልጋው ላይ አኖረችው። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ረጅም ነበር። የወጣው አጭር ሆነ። «አልወደቅሽም። ልብሱ ነው። የቀድሞው ልብስሽም ንጹሕ ነበር፤ አውቄ ነው ያልተናገርኩት። አንቀጽ ሰባትን ያነሣሁት ላንቺ ብዬ አይደለም። ሰዓትሽን ፈርቼ ነው።»

ዝማሬ ወረቀቱን አላነሣችም። «የቱን ሰዓት?»

«አሥራ አራት ከአሥራ ስምንቱን።»

ልጅቱ አየቻት። መቆጣት የነበረባት ሰው ፊት ላይ ሌላ ነገር መጣ፤ ያልገባው ሰው ፊት።

«እሱን ከልብዎ ነው?» አለች። «እትዬ፣ እሱ እኮ ከሁለተኛው በር ነው።»

ውዳላት ወረቀቱን ከአልጋው አነሣች።

«የላይኛውን ቁልቁል እፈራው ነበር» አለች ዝማሬ። «በጣም ነው የምፈራው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥሩ ነበር የምነሣው፤ ሰዓቱም መጀመሪያ ካለፍኩበት በር ነው የሚቆጥረው። ሁሉም የሚያውቅ መስሎኝ። እንዴት እንደሚወርዱት የጠየቅኩዎት ለዚያ ነው። ከላይ የተነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ የውድድሩን ቀን።» ክፈፉን በመዳፏ ነካ አደረገችው። «የእርስዎን ሰዓትማ ሁለት ዓመት ብለፋ እደርስበት ይሆናል እል ነበር።»

ከውጭ የጠራጊው ማሽን ድምፅ ተሰማና አለፈ። ውዳላት ወረቀቱን እያየች ተቀምጣ ቀረች። በሮቹን ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ በአንድ የተከለቻቸው እሷ ናት፤ በመካከላቸው ያለውንም ጊዜ የለካችው እሷው ናት። ከአንደኛው በር እስከ ሁለተኛው፣ በጥሩ ቀን፣ በውዳላት እግር፣ ሃምሳ አንድ ሰከንድ ነው።